መጽሐፈ ገመድ፤ ወይም ከባሕር ማዶ ስለሚገባ የኤሌክትሪክ ገመድ የደኅንነት ምስክርነት የተደረገ ታላቅ ሐተታ

መቅድም

ሊቃውንት ስለ ከዋክብት ጽፈዋል፤ ስለ ነገሥታት ጽፈዋል፤ ስለ ዕፀዋትና ስለ ማዕድናትም ጽፈው አልጠገቡም። ከግድግዳ ወጥቶ ከቴሌቪዥን ኋላ ስለሚገባው፣ አቧራ ለብሶ ከሶፋ ሥር ስለሚተኛው፣ እግር ሲጠልፍ ብቻ ስሙ ስለሚነሣው ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ ግን ብራና የፋቀ፣ ቀለም የበጠበጠ አልተገኘም። ይህን ታላቅ ጉድለት ማን ይሙላው ቢሉ፣ በዚህ ዘመን ከእኛ በቀር የሚደፍር ስላጣን እኛው ተነሣን። ትሕትናችን ቢከለክለንም ዕውቀታችን ገፋፋን።

አንባቢ አይሳሳት፤ የምንመረምረው ገመዱን ብቻ አይደለም። ገመድ ድንበር ሲሻገር ይዞት የሚመጣ ወረቀት አለ፤ የጥራት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ይሉታል። ሕዝቡ ወረቀቱ ገመዱን ከእሳት የሚጠብቀው ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ በአምስት ምዕራፎች እንገልጣለን። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ ገመድ ባሕርይና ስለ ተሰወረው ውፍረት

ገመድ በሦስት ነገር ይቆማል፦ በመዳቡ፣ በልባሱና በራሱ፣ ማለት በስፒናው። ከሦስቱ ዋጋ ያለው መዳቡ ነው፤ የማይታየውም እሱ ነው። የገመድ ፍልስፍና በሙሉ ከዚህ ይመነጫል። ፕላስቲክ ርካሽ፣ መዳብ ውድ ስለሆነ አታላይ አምራች ከውጭ አወፍሮ ከውስጥ ያቀጥናል። ገዢውም ወፍራሙን ጨብጦ «ይኼ ጠንካራ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ውፍረቱ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ምስክር አድርገን የእንጀራ ምጣድን እንጠራለን። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠይቃል። ይህን ምጣድ አምስት ሜትር በሚሆን ዲቫይደር ላይ እንሰካው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳልና መንገዱ አሥር ሜትር ነው። መዳቡ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በገመዱ ውስጥ ወደ 34 ዋት ሙቀት ይቀራል። 0.75 ከሆነ ወደ 66 ዋት ይወጣል። 0.5 ሆኖ ደግሞ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ከ150 ዋት ያልፋል። ለሰፊ ክፍል ማሞቂያ ይህ ትንሽ ነው፤ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር ለተደበቀ ገመድ ግን ብዙ ነው። ሙቀቱም ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዲቫይደሩ ላይ ቴሌቪዥን ብቻ ሳለ ደኅና የከረመ ገመድ፣ የጾም መያዣ ዋዜማ ምጣድና የውኃ ማፍያ አብረው ሲሰኩበት የሚቀልጠው ስለዚህ ነው።

የተሰወረውን ለማየት መርካቶ የራሷ ዘዴ አላት። ልምድ ያለው ነጋዴ የገመዱን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ ልባሱን ይገፋል፤ የተገለጡትን ቀጫጭን ክሮች ቆንጥሮ በምላጩ ስለት ይፍቃቸዋል። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆኑ መዳብ ናቸው። ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት ከሳበውም ብረት ነው። ደንበኛው ያንን ነጭ ነገር አይቶ ቅናሽ ይጠይቃል። ቅናሹ የሚገባው ሆኖ ሳለ ገመዱ ግን የማይገባው መሆኑን የሚያስረዳው የለም።

ምዕራፍ ሁለት፦ በገመዱ ጀርባ ስለተጻፈው ጽሑፍ ንባብና ትርጓሜ

ብዙ ሰው የአክሱምን ሐውልት ለማየት ሩቅ ይሄዳል፤ በቤቱ ገመድ ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ግን ሳያነበው ይሞታል። እነሆ እናነባለን።

ንባብ፦ «ኤች 05 ቪቪ-ኤፍ 3ጂ1.5»።

ትርጓሜ፦ «ኤች» ማለቱ አገሮች የተስማሙበት፣ ደረጃው የተዋሐደ ማለት ነው። «05» ማለቱ 300 በ500 ቮልት ይችላል ሲል ነው። የመጀመሪያው «ቪ» የውስጠኛው ሽቦ ልባስ ፒቪሲ ነው፤ ሁለተኛው «ቪ» የላይኛው ካባም ፒቪሲ ነው። ሁለት ጊዜ መናገሩ ስለ ምን ቢሉ፣ ሁለት ልብስ ስለለበሰ ነው። «ኤፍ» ማለቱ ተጣጣፊ ነው፤ በቀጫጭን ክር የተገመደ እንጂ አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም። «3» ማለቱ በውስጡ ሦስት ገመድ አለ። «ጂ» ማለቱ ከሦስቱ አንዱ አረንጓዴና ቢጫ የለበሰው የመሬት ገመድ ነው። በ«ጂ» ፈንታ «ኤክስ» ቢጻፍ የመሬት ገመድ የለውም። «1.5» ማለቱ የእያንዳንዱ መዳብ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው።

አንድም፦ «1.5» ማለቱ አምራቹ 1.5 እንዲባልለት መውደዱ ነው። ይህ ሁለተኛው ትርጓሜ በገበያ ላይ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል። ለምን ቢሉ፣ የማተሚያ ማሽን ውስጡን መዝኖ አይጽፍም፤ የታዘዘውን ይጽፋል። የ0.5 ገመድም «1.5» ተብሎ ሲታተምበት አያፍርም።

ስለ «ሲኢ» ምልክትም እንናገር። የአውሮፓው ምልክት ልኩ በሕግ የተወሰነ ነው፦ ሁለቱ ፊደላት ከክብ ቅርጽ ተስለው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ተወስኖ፣ ቁመታቸው ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ተደንግጓል። ፊደላቱ ተጠጋግተው የታተሙ እንደሆነ ትርጉሙ «ቻይና ኤክስፖርት» ነው የሚል ትምህርት በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቶ ወደ እኛም ሱቆች ደርሷል። እንዲህ ያለ ሕጋዊ ምልክት የለም። የተጠጋጋው ምልክት በትክክል ያልተሣለ ወይም ያለ መብት የተለጠፈ «ሲኢ» ነው። ሕዝቡ ለሐሰተኛው ምልክት ክቡር ትርጉም ሰጥቶ ሐሰቱን በቸርነት ሸፈነለት።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ አራቱ ቤቶች ክርክር

የጎንደር ሊቃውንት በላይ ቤትና በታች ቤት እንደተለዩ፣ የገመድ ሊቃውንትም በአራት ቤት ተለይተዋል።

የእንግሊዝ ቤት ስፒናን ያከብራል። የቤቱ መሠረት በ1947 የወጣው «ቢኤስ 1363» የተባለው ደረጃ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው፣ 13 አምፔር የሚሸከመው፣ ፊውዝ በሆዱ የያዘው ስፒና። ፊውዙ በስፒናው ውስጥ መግባቱ ስለ ምን ቢሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መዳብ በማነሱ ቤቶቻቸውን በቀለበት ዓይነት መስመር ስለዘረጉ ነው። ያ መስመር 30 አምፔር ገደማ ስለሚለቅ፣ ቀጭኑን የመብራት ገመድ ለመጠበቅ የግድግዳው ፊውዝ አይበቃም። ገመዱ የራሱን ጠባቂ ይዞ መዞር አለበት። በ1994 የወጣው ደንባቸው እንዲህ ያለው ስፒና ሥልጣን ባለው አካል ሳይጸድቅ አይሸጥም ይላል፤ የቤት ዕቃም ስፒናው ተገጥሞለት ይሸጥ ይላል። ይህ ቤት በእኛም ዘንድ ተከታይ አለው። ዱባይ የእንግሊዝን ስፒና ስለምትጠቀም፣ ከዚያ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ይዞ ይገባል። አዲስ አበባ ሲደርስ በሁለት ክብ ጥርስ አዳፕተር ይሰካል። አዳፕተሩ የመሬት መስመር ከሌለው ሦስተኛው ጥርስ በአየር ላይ የቆመ ጌጥ ይሆናል።

የአውሮፓ ቤት ሰውን ያምናል። የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያቸው በ1973 ወጥቶ በ2014 ታድሷል፤ ከ50 እስከ 1,000 ቮልት ባለው ተለዋዋጭ ኃይል የሚሠራውን ዕቃ ይገዛል። በዚህ ቤት አምራቹ ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ራሱ «ሲኢ» ይለጥፋል፤ ሰነዱን ለ10 ዓመት ያስቀምጣል፤ አስመጪውም ስሙንና አድራሻውን ይጽፋል። ምሥጢሩ ግን ሌላ ነው። መመሪያው የቤት ስፒናንና የግድግዳ ሶኬትን ከነስሙ ጠርቶ «እነዚህ አይመለከቱኝም» ይላል። ስፒና የየአገሩ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። አውሮፓ ድንበሯን አፈረሰች፤ ገንዘቧን አንድ አደረገች፤ የግድግዳ ቀዳዳዋን ግን አንድ ማድረግ አቃታት። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ የቤት ስፒና በዚህ መመሪያ ስም «ሲኢ» ተለጥፎበት ካያችሁ፣ ምልክቱ መብዛቱ ራሱ ጥርጣሬ ነው።

የአሜሪካ ቤት ሥርወ ነገሩ እሳት ነው። በ1893 ቺካጎ በኤሌክትሪክ ያሸበረቀ የዓለም ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ፣ የእሳት መድን ሰጪዎች ተጨንቀው ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የተባለውን ወጣት መሐንዲስ አስጠሩ። እሱም በ1894 ዛሬ «ዩኤል» የሚባለውን ቤተ ሙከራ መሠረተ። የሚገርመው፣ በዚያ አገር ማንኛውም የኃይል ገመድ ከመሸጡ በፊት የፌዴራል መንግሥት ያጽድቀው የሚል ጠቅላላ ሕግ የለም። ሱቁ፣ መድኑ፣ ጠበቃውና የከተማው ተቆጣጣሪ ማኅተሙን ስለሚጠይቁ ነጋዴው ያለ ማኅተም አይደፍርም። በ2015 ግን የተጠቃሚዎች ምርት ደኅንነት ኮሚሽናቸው ስለ ኤክስቴንሽን ገመድ ወሰነ፤ የሽቦው ውፍረት በቂ ያልሆነ፣ ሲጎተት የሚነቀል፣ ዋልታው የተዛባ፣ መስመሩ የተቋረጠ፣ የቀዳዳ ክዳን ወይም ለደጅ የሚሆን ካባ የሚያስፈልገው ሆኖ ያጣ ገመድ «በጽኑ አደገኛ» ተብሎ ከወደብ እንዲመለስ መንገድ ከፈተ።

የጃፓን ቤት ከሁሉ ይጠብቃል፤ እኛም ወደዚህ ቤት እናደላለን። ሕጉ በ1961 ወጣ፤ ተሻሽሎና ስሙ ተለውጦ በሚያዝያ 2001 ሥራ ላይ ዋለ። ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁለት ማኅተም አለው፦ ለብዙዎቹ ክብ፣ አደጋቸው ለበዛው የአልማዝ ቅርጽ ያለው «ፒኤስኢ»። ንጉሣዊው አልማዝ ለማን ተሰጠ ቢሉ፣ ለማቀዝቀዣ አይደለም፤ ለገመድ ነው። አስመጪው ሥራ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ያሳውቃል፤ ከተመዘገበ መርማሪ አካል የተስማሚነት ሰርተፍኬት ይቀበላል፤ ራሱም መርምሮ መዝገቡን ለሦስት ዓመት ይይዛል። ጥሶ የተገኘ ኩባንያ እስከ 100 ሚሊዮን የን ሊቀጣ ይችላል። የዚህን ቤት ጥብቅነት ለማየት የጠረጴዛ ኮምፒውተርን እንመልከት። ኮምፒውተሩ በዚህ ሕግ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አብሮት በካርቶኑ የታሸገው ገመድ ግን አለ። ጌታው ሳይጠየቅ ያልፋል፤ አሽከሩ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ይጠየቃል።

ይህ ጥብቅነት አንድ ጊዜ ሙዚቀኞችን አስቆጥቷል። በ2006 ለአንዳንድ ዕቃዎች የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ ሲያልቅ፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያዎች የ«ፒኤስኢ» ማኅተም ስለሌላቸው ሊሸጡ አይችሉም ተባለ። እነ ፒያኖ መቺው ሪዩኢቺ ሳካሞቶ አቤቱታ አቀረቡ። መንግሥትም ለብርቅዬዎቹ የተለየ መንገድ ከፈተ። በዚህ ከሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ ፒያኖ መቺ መንግሥትን እንደሚያሸንፍ ተረድተናል።

ቻይናን ለምን ተውናት እንዳይሉን እንናገር። ከገመዱ አብዛኛው የሚፈተለው እዚያው ነው። በአገሯም «ሲሲሲ» የተባለ አስገዳጅ ማኅተም አላት፤ የገመድ ስብስብ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ነገር ግን ማኅተሙ የሚጠየቀው በቻይና ገበያ ለሚሸጠው ነው፤ ወደ ውጭ የሚላከውን ገዢው አገር ይጠይቀው ብላ ትተዋለች። ገዢው አገር ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም።

ምዕራፍ አራት፦ ስፒና በቤተ ሙከራ ስለሚቀበለው መከራ

ሰርተፍኬት ያለ መከራ አይገኝም። ስፒናው በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉ ባንዱ ዙር ያነሣዋል፣ በሌላው ከ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብረት ሳህን ላይ ይጥለዋል፤ ይህ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ገመዱ ከስፒናው አንገት መቶ ጊዜ ይጎተታል። ከዚያም አንገቱ ግራና ቀኝ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይታጠፋል፤ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሰክቶ አልጋ ላይ ሲገላበጥ የሚያደርገውን ማሽን ሳይሰለች ያደርገዋል። ከዚያ በጋለ ምድጃ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ ለአንድ ሰዓት ትጫነዋለች፤ ጠባሳው ከሰፋ ወደቀ። በመጨረሻም በ750 ዲግሪ የጋለ ሽቦ ለ30 ሰከንድ ይጠጋዋል። ነበልባል ቢነሣ ሽቦው በተወገደ በ30 ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ያላጠፋ ወደቀ።

እዚህ ላይ የሐተታችን እንብርት ይገኛል። ይህን ሁሉ የቻለው ስፒና ወዴት ሄደ ቢሉ፣ ቀልጦ፣ ታጥፎ፣ ተቀጥቅጦ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ሰርተፍኬቱ የተጻፈው ለእሱ ነው። ወደ እናንተ ቤት የሚመጣው ፈጽሞ ያልተፈተነ ወንድሙ ነው። ሰርተፍኬት ሁሉ የናሙና ሰርተፍኬት ነው፤ ፋብሪካው ናሙናውን ከመዳብ፣ የቀረውን ከአሉሚኒየም ቢሠራ ወረቀቱ አይለወጥም። ቁምነገሩን የያዙ አገሮች ፋብሪካውን ሳያስታውቁ እየመጡ የሚጎበኙትና ከሱቅ መደርደሪያ ራሳቸው ገዝተው ዳግም የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ታዲያ ወረቀቱ ገመዱን ካልጠበቀ ምን ይጠቅማል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ አገራችን እንመለስ።

ምዕራፍ አምስት፦ ስለ አገራችን ሥርዓትና ስለ ገመድ የዘር ሐረግ

በአገራችን ቀድሞ ደረጃ የሚያወጣውም፣ የሚመረምረውም፣ የሚመሰክረውም የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን የሚባል አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ያወጣውን ራሱ እየለካ፣ የለካውን ራሱ እየመሰከረ መቆየቱ ለሊቃውንት አልተመቸም። በ2003 ዓ.ም. ሥራው በአራት ተከፈለ። ደረጃ የሚያወጣ፣ ልክን የሚጠብቅ፣ ተስማሚነትን የሚመዝን፣ መዛኙን ደግሞ የሚመዝን አክሬዲቴሽን ተቋም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ደግሞ አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ደረጃውን ሳያሟላ ወደ ገበያ እንዳይገባ ይቆጣጠራል። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ሲደርስ፣ አስመጪው ሰነዱን ይዞ መቆሙ፣ ናሙና መወሰዱ፣ ውጤት መጠበቁ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ በኮንቴይነር ለሚመጣው ነው። በሻንጣ የሚመጣውስ? ከዋሽንግተን የመጣች አክስት ለእህቷ ልጅ ሩዝ ማብሰያ ታመጣለች፤ በስፒናው ላይ «125 ቮልት» ተጽፏል፤ የግድግዳው ኃይል ግን 220 ነው። ከዱባይ የተመለሰ ወንድም አምስት ዲቫይደር በልብስ ጠቅልሎ ይገባል። ለሻንጣ ናሙና የሚወስድ የለም። በሻንጣ የገባው ደግሞ ሁሉም ለስጦታ አይሆንም፤ ጥቂቱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ከኮንቴይነሩ ጎን ተሰቅሎ ሲታይ ማንም አይለየውም።

ስለዚህ ወረቀቱ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ የአገራችን ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲመጣ የሚያደርጉትን እንከተል፤ ሰባት ቤት እንቁጠር። ገመዱ ከቸርቻሪው፣ ቸርቻሪው ከጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው ከአስመጪው፣ አስመጪው ከአምራቹ፣ አምራቹ ከመሰከረለት አካል፣ መስካሪው ከመረመረው ቤተ ሙከራ፣ ቤተ ሙከራው አክሬዲቴሽን ከሰጠው ተቋም ይወለዳል። ሰርተፍኬት ማለት ይህ ቆጠራ ሳይቋረጥ በወረቀት መያዙ ነው። ገመዱ ሳሎን ውስጥ ሲቀልጥ ወረቀቱ አያቀዘቅዘውም፤ ነገር ግን ማን እንደሚጠራ፣ ማን የቀረውን ዕቃ ከገበያ እንደሚሰበስብ፣ ማን ካሣ እንደሚከፍል ይናገራል። ጃፓኖች የአስመጪውን ስም ከአልማዙ ጎን የሚያስጽፉት፣ አውሮፓውያን አድራሻውን የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው። ማኅተሙ ሰውን ያስጠይቃል፤ ተጠያቂ መሆኑን ያወቀ አስመጪ ደግሞ ሁለተኛውን ኮንቴይነር ሲያዝ መዳቡን ራሱ ይፍቃል።

ውሳኔ

ከላይ በተዘረዘረው ጥልቅ ምርምር መሠረት እንደሚከተለው ወስነናል፦

አንደኛ፣ በገመድ ላይ የተጻፈ ሁሉ እስኪፋቅ ድረስ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ የምልክት ብዛት የታማኝነት ማስረጃ አይደለም። አሥር ማኅተም ለጥፎ አንድ ስም የሌለው ገመድ፣ አንድ ማኅተም ከአስመጪው ስምና አድራሻ ጋር ካለው ያንሳል።

ሦስተኛ፣ ምጣድ፣ የውኃ ማፍያና ካውያ በዲቫይደር አይሰኩም፤ በአንድ ዲቫይደርማ ጭራሽ። ይህን ለመወሰን ሊቅ መሆን አያሻም ነበር፤ የሙቀቱን ስሌት ላየ ሰው ግን ያለ እኛ ሊቅነት እንደማይገባ ታወቀ።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወደብ ላይ የሚጨርሰው ሥራ ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ በመደርደሪያ ላይ ነው፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ የገዛውን ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ነው። ናሙናውን የላከ ሻጩ ራሱ ከሆነ የተመረመረው የሻጩ ጥሩነት ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፦ ገጠር ውስጥ ያልታወቀ ልጅ በደጅ ሲያልፍ ሽማግሌ ስሙን አይጠይቀውም፤ «የማን ነህ?» ይለዋል። ገመድ የሚገዛም ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ይህንኑ ይጠይቅ፤ ደረሰኝ ይቀበል፤ በካርቶኑ ላይ የአስመጪውን ስም ይፈልግ። ሻጩ «ዕቃው ኦርጅናል ነው» ብሎ ከመለሰ የተጠየቀውን አልመለሰም። ገዢውም ይህን ያህል ሰምቶ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ።